የፊንላንድ ድንበር ጠባቂ ወታደር ነው ወይስ ፖሊስ?

ወንድሜ፣ ፊንላንድ ውስጥ ድንበር ጠባቂው ወታደር ነው ወይስ ፖሊስ ብለህ ለጠየቅከው፣ በአጭሩ ሁለቱንም ነው። በሰላም ጊዜ ተጠሪነቱ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ኬላ ይጠብቃል፣ ፓስፖርት ያያል፣ ድንበር ተሻጋሪ ወንጀል ይመረምራል። ግን ወታደራዊ ማዕረግ አለው፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተጠሩ ወጣቶችን ራሱ ያሠለጥናል፣ ጦርነት ከመጣ ደግሞ ክፍሎቹ በመከላከያው ሥር ሊገቡ ይችላሉ።

ለምን እንዲህ ሆነ ካልክ ታሪኩን እይ። አገሪቱ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ከሩሲያ ተለየች፣ በማግሥቱ 1918 እርስ በርስ ተዋጋች፣ ድንበር ጥበቃው በ1919 ተቋቋመ። በ1939 ሶቪየት ኅብረት ስትወር ቀድመው ከገጠሟት መካከል እነሱ ነበሩ። ከሩሲያ ጋር ያለው፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ አብዛኛው ጫካና ረግረግ የሆነ ወሰን በተራ ፖሊስ ብቻ አይያዝም፤ እኔ አሠራሩ ትክክል ነው ባይ ነኝ።

ሰው የሚረሳው ሌላ ሥራም አላቸው፣ የባሕር ላይ ነፍስ አድን። በ1994 ኢስቶኒያ የተባለችው መርከብ ሰጥማ ከ850 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ በዚያ ማዕበል ሄሊኮፕተር አስነስተው ተሳፋሪዎችን ከባሕር ካወጡት ውስጥ የፊንላንድ ድንበር ጠባቂዎች ይገኙበታል። ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው።