ከኮምቦልቻ ደሴ የመጣው የዓሣ ገንዳ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውሃውን

ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ሊተርፉ ይችላሉ። ጥያቄዋን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ባለ 80 ሊትር ገንዳዋን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ካመጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። 4 ጎልድፊሽና 6 ጉፒ አብረው ይኖሩ ነበር። ቤት ስትቀይር ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ ጥርት አድርጋ አጥባዋለች። አሁን ጎልድፊሾቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ የአንዱ ጭራ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል፣ ጉፒዎቹን ነጭ ነጠብጣብ ይዟቸው ሁለቱ ሞተዋል። ሻጩ ሰማያዊ የመድኃኒት ጠብታ ሰጥቶ "ውሃውን በሙሉ ቀይሪው" ብሏታል። እሷ ደግሞ "ውሃው እኮ ንጹህ ነው" ትላለች።

ንጹህ መምሰሉ ብዙ አይነግረንም፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣው ገዳይ አሞኒያ በዓይን አይታይም። እኔ ከገለጽሽው የምረዳው ሁለት ችግር ተደራርቦ ነው፦ መጀመሪያ ውሃው ተበላሸ፣ በዚያ የተዳከሙት ላይ ነጠብጣቡ መጣ። ነጠብጣቡን ብቻ እያከምሽ ውሃውን ከተውሽው ከነጠብጣቡ የተረፈው ዓሣ በአሞኒያ ያልቃል።

አፍ መክፈታቸው ከምን እንደመጣ ለመለየት ሰዓቱን ተከታተዪ። ጎህ ሲቀድ ብሶባቸው ከሰዓት የሚረጋጉ ከሆነ፣ ደግሞም አየር ፓምፑ የሚያንተከትክበት ቦታ የሚሰበሰቡ ከሆነ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ሌሊት ዕፅዋቱም ኦክስጅን ስለሚጠቀሙ። ቀኑን ሙሉ፣ አረፋው አጠገብ ሆነውም የሚያለከልኩ ከሆነ ስንጥባቸው (የሚተነፍሱበት) ተጎድቷል፤ መጀመሪያ አሞኒያንና ናይትራይትን (ከአሞኒያ የሚወጣውን ሌላ መርዝ) ጠርጥሪ። ውሃ በቀየርሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ባንዴ ከተረበሹ ደግሞ ክሎሪን ወይም የሙቀት ልዩነት ነው። የጭራው ቀይ መስመር ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ኦክስጅኑን ግን እንዲሁ አንለፈው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ ደሴ ላይ 6 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። "ነጭ ነጠብጣብ ሲመጣ ሂተሩን (የውሃ ማሞቂያውን) 30 አድርሱ" የሚለው ምክር የተጻፈው ዝቅ ያለ ቦታ ላሉ ሰዎች ነው። እዚህ ከ28 አትለፊ፣ እሱንም አየር ፓምፕ ሌት ተቀን እየሠራ። ኮምቦልቻ እያለሽ አንድ ፓምፕ በቅቶሽ ቢሆን እንኳ ለዚያው ዓሣ እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ወደ ፊልተሩ ስንመጣ፣ ስፖንጁ ላይ የነበረው ቡናማ ዝቃጭ ቆሻሻ ብቻ አልነበረም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እዚያ ነበሩ፤ የቧንቧው ክሎሪን አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። እንደገና ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፣ በደሴ ብርድ ከዚያም ሊዘገዩ ይችላሉ። ከዚህ በኋላ ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ፣ በቃ። አቋራጭ መንገድም አለ፦ በሽታ የሌለበት የቆየ ገንዳ ካለው ሰው ያገለገለ ስፖንጅ ተቀበዪ። ኮምቦልቻ ካሉት የቡድናችን አባላት ቢገኝ መንገዱ ቅርብ ነው፤ ስፖንጁ ሳይደርቅ፣ ከገንዳው ውሃ ጋር፣ ግማሹ አየር በሆነ ፌስታል ይምጣ።

ቴስት ኪት (የውሃ መመርመሪያ) ካገኘሽ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ፣ ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች መሆን አለባቸው። ፒኤቹንም (የውሃውን የአሲድነት ልክ) ለኪ፤ በ25 ዲግሪ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ፒኤች 8 ላይ ከ5 በመቶ ያልፋል። ስለዚህ ያው የኪት ቀለም አንዱ ቤት ማስጠንቀቂያ፣ ሌላው ቤት ሞት ነው። ኪት ከሌለሽ አሞኒያ እንዳለ ቆጥረሽ ተነሺ፦ በየቀኑ ሩቡን ወይም ሲሶውን ቀይሪ፣ ምግብ ለሦስት ቀን አቁሚ። ጎልድፊሽ በሦስት ቀን ጾም አይሞትም። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪማ ከነጭራሹ ይቅር።

ውሃውን በሙሉ መቀየር የተባለውን አታድርጊው፤ የሙቀትና የፒኤች ድንገተኛ ለውጥ ለደከመ ዓሣ ሌላ ምት ነው። መስመር ተቋርጦ በመጣበት ዕለት የተቀዳ ውሃ በቀጥታ አይግባ። ክዳን በሌለው በርሜል ወይም ባልዲ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 48 ይደር፤ ሮቶ ውስጥ ተከድኖ ሲቀመጥ ክሎሪኑ የሚወጣው በዝግታ ነው። ከዚያ በፈላ ውሃ አለዝበሽ፣ ከገንዳው ጋር ልዩነቱ ከሁለት ዲግሪ እንዳይበልጥ በቴርሞሜትር አይተሽ ጨምሪ። በእጅ መገመት አያስተማምንም።

ሰማያዊው ጠብታ ሜቲሊን ብሉ ከሆነ ዕቃ ውስጥ ነጥሎ ለማከም እንጂ ፊልተር ላለው ዋና ገንዳ አይሆንም፤ እንደገና ልታሳድጊያቸው የምትለፊባቸውን ባክቴሪያዎች ይጎዳል። ገንዳው ውስጥ ገብቶ ከሆነ በውሃ ቅየራውና በአክቲቬትድ ካርቦን (ለፊልተር በተዘጋጀ ከሰል) አውጪው። የምድጃ ከሰል ይተካል የሚሉ አሉ፣ አይተካም። ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ካፕሱሉን መበተንም እንደዚያው ፊልተሩን ይጎዳል፣ ነጠብጣቡን የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ አይነካውም።

ነጠብጣቡን አሁን በደንብ እንየው። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፊና የስልክሽን መብራት ከጎን አብሪበት። የደቀቀ ጨው የመሰለ፣ አንድ በአንድ የሚቆጠር ነጭ ነጥብ ክንፉም ገላውም ላይ ካለ ኢክ የሚባለው ጥገኛ ነው። ወርቃማ አቧራ ከመሰለ ቬልቬት ነው። አፉ ዙሪያ ወይም ጀርባው ላይ ጥጥ የመሰለ ግራጫ ሽፋን ከሆነ ኮለምናሪስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ባክቴሪያ ስለሆነና ሙቀት ስለሚያባብሰው ሂተሩን እንዳትነኪው። ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ የስንጥቡ ክዳንና የፊት ክንፉ አጥንት ላይ በመስመር የተደረደሩ ነጭ ፍንጣሪዎች ያወጣል፤ እሱ ጤና ነው፣ አይታከምም።

ኢክ ከሆነ ጨው በሊትር 2 ግራም። ገንዳሽ 80 ሊትር ቢባልም ጠጠሩ ሲቀነስ 70 ገደማ ስለሚይዝ 140 ግራም ይበቃል። በጆግ አሟሚውና በሦስት ከፍለሽ በ12 ሰዓት ልዩነት ጨምሪ፤ ያልሟሟ የጨው ቅንጣት በቀጥታ ዓሣ ላይ አይውደቅ። አዮዲን ያለው የማዕድ ቤት ጨው ችግር የለውም፣ ቅመም የተቀላቀለበት ግን አይሆንም። 20 ሊትር ስትቀይሪ 40 ግራም ትመልሻለሽ፤ የተነነውን ውሃ ስትተኪ ግን ጨው አትጨምሪ፣ ጨው አይተንምና። ጨው ናይትራይት ወደ ደማቸው እንዳይገባም ያግዛል፣ በዚህ ሁኔታ ድርብ ጥቅም ነው። አንዳንድ የውሃ ዕፅዋት ሊጎዱ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጠብጣቡ ሲጠፋ ሕክምናውን በማቆም ነው። ጥገኛው ዓሣውን ለቆ ታች ወርዶ ጠጠሩ ላይ ይጣበቃል፣ እዚያ በመቶዎች ተባዝቶ ዓሣ ፍለጋ ይነሣል። ጨው የሚገድለው በዚህ ሲዋኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ላይ ያለውን ቆሻሻ በቱቦ በየቀኑ ሳቢው። በ26 እስከ 28 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያዢ፤ ሂተር ከሌለና ውሃው 18 አካባቢ ከሆነ የጥገኛው ዑደት ስለሚረዝም ቢያንስ አራት ሳምንት።

ሁለቱን ዓይነት መለየትም አይቀርልሽም። ጉፒ ከ24 እስከ 26 ይፈልጋል፣ ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ይመቸዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሂተር የሌለው ገንዳ ደሴ ውስጥ ለጉፒ አይሆንም። ለ80 ሊትር ባለ 100 ወይም 150 ዋት ሂተር ይበቃል፤ ውሃ ስትቀንሺ ንቀዪው፣ ከውሃ ውጭ ሞቆ ውሃ ሲነካው መስታወቱ ይሰነጠቃል። 4 ጎልድፊሽ ሲያድጉ 80 ሊትር ራሱ ይጠባቸዋል።

መብራት ሲጠፋ በኩባያ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺ፣ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ። ፊልተሩ ዝግ ዓይነት ከሆነና ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ፣ መብራት ሲመጣ ሳትከፍችና በገንዳ ውሃ ሳታለቀልቂ አታስነሽው፤ ውስጡ የበሰበሰው ውሃ ሁሉ ገንዳው ላይ ነው የሚፈስሰው።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የለካሽውን ሙቀት፣ ማታ በስልክ መብራት ያነሣሽውን ፎቶ፣ ኪት ካገኘሽም ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልን። ጥጥ የመሰለው ሆኖ ከተገኘ ጨውና ሙቀቱን እንደገና እናየዋለን።