የአንባቢያን ጥያቄ፦ ንጉሡን ፍሬ ያደረገ ድንጋይ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የሥዕል መምህር ነኝ። ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ሉዊ ፊሊፕን በፒር ፍሬ መስለው የቀለዱበት ሥዕል በድንጋይ እንደታተመ ለተማሪዎቼ ብነግራቸው፣ «ከደጀን ወርደን ከዓባይ በረሃ የኖራ ድንጋይ እናምጣና እንሞክረው» አሉኝ። ይሆናል? ደግሞስ አንድ ፍሬ ያን ያህል ለምን አስቆጣ?

መልስ፦ ከፍሬው እንጀምር፤ በቅኔ አገር ይህ አይከብድም። ፒር እንደ አቮካዶ አናቱ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ ያለ ነው፤ የንጉሡም ፊት እንዲሁ ነበር። አሳታሚው ሻርል ፊሊፖን በ1831 እ.ኤ.አ. በሌላ ሥዕል ተከሶ ሲቀርብ፣ ዳኞቹ ፊት አራት ራሶች ሣለ፤ አንደኛው ንጉሡ፣ አራተኛው ፒር። ሁለተኛው አንደኛውን፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን ይመስላልና መምሰል ካስቀጣ ፍሬውም ሊቀጣ ነው ማለቱ ነው። ሰሙ ፍሬ፣ ወርቁ ንጉሥ፤ ወርቁን የሚያወጣው ግን ከሳሹ ራሱ ይሆናል። ከ6 ወር እስራትና ከ2,000 ፍራንክ መቀጫ ግን አላመለጠም። በ1834 የፊሊፖን ጋዜጣ የተፈረደበትን ፍርድ እንዲያትም ሲገደድ ፊደሉን በፒር ቅርጽ ደርድሮ አወጣው። በ1835 ሥዕል ሳይታተም በፊት ፈቃድ ይጠየቅበት የሚል ሕግ ወጣ።

ቀልደኞቹ ድንጋዩን የወደዱት ለፍጥነቱ ነው፤ ሠዓሊው ቀራጭ ሳይጠብቅ ራሱ ይሥልበታል። እርሳሱ ከሰም፣ ከሞራ፣ ከሳሙናና ከጥላሸት የተሠራ ነው። ከሣለ በኋላ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የገባበት የግራር ሙጫ ውሃ ይቀቡታል። አሲዱ ከበረታ ስሱ ጥላ ይበላል፤ ካነሰ ጥላው ይደፈንና ጥቁር ይሆናል። ከዚያ ድንጋዩን አርሰው ቀለም ያንከባልሉበታል፤ ቅባት ያለበት ቀለሙን ይይዛል፣ እርጥቡ ይገፋዋል። በየኅትመቱ መካከል ውሃው ከተረሳ ሁሉም ይጠቁራል።

የዓባይ ድንጋይ ግን አይመከርም። በጀርመን የባቫርያው የዞልንሆፈን ድንጋይ የተመረጠው ደቃቅና ወጥ ስለሆነ ነው። የዓባዩ ቅሪተ አካል ይበዛበታል፤ ዛጎሉና በድንጋዩ ውስጥ የሚያልፈው መስመር ውሃ እኩል አይጠጣም። ማተሚያው ሲጫነው ደግሞ ቀጭን ድንጋይ ይሰነጠቃል።

ለክፍል የሚሆነው የወጥ ቤት አልሙኒየም ፎይል ነው። ሳይጨማደድ በለስላሳ ሰሌዳ ላይ ይወጥሩት፤ ደብዛዛው ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ በጣት አይንኩት፣ የጣት ቅባት ይታተማልና። በደረቅ ሳሙና ወይም በቅባት እርሳስ ይሣሉ። ኮካ ኮላ ለጥቂት ሰከንድ ያፍስሱበት፤ በውስጡ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ የናይትሪክ አሲዱን ቦታ ይተካል። በውሃ ያለቅልቁ፤ ሥዕሉን በምግብ ዘይት ጠርገው ያጥፉት፤ አይደንግጡ፣ ቅባቱ ቀርቷል። በስፖንጅ አርሰው የዘይት ቀለም ያንከባልሉ፤ የውሃ ቀለም ፈጽሞ አይሠራም። ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ ይሹት። ጽሑፍ ካለው ገልብጠው ይጻፉትና በመስታወት ያረጋግጡ፤ «ሀ»ን ገልብጦ መጻፍ ቀላል ነው፣ ተማሪዎቹን የሚያስቸግራቸው «ጐ» ነው።