ለሚያስቀምጠው ጥጃ እርጎ ይሰጠዋልን?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በኮምቦልቻ ከተማ ዳር ሦስት ድቅል ላሞች አሉኝ። ዘንድሮ ከተወለዱት ጥጆች አንዱ በ9ኛ ቀኑ በተቅማጥ ሞተብኝ፤ ሁለተኛውም 12 ቀን ሲሆነው ቢጫ ውኃ የመሰለ ያስቀምጠው ጀመር። ደሴ የሚኖረው ወንድሜ በውጭ አገር ለአሳማ ግልገሎች የተብላላ መጠጥ እየሰጡ ተቅማጥን እንደሚከላከሉ አንብቦ «እርጎ ስጪው» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ቀሪቦ ይሻላል ትላለች። የትኛውን ልስጠው? መጠኑስ ስንት ይሁን?
አንዲት አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ስለሞተብዎ ጥጃ አዝናለሁ። ለታመመው ግን ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩለት። ጥጃ በተቅማጥ የሚሞተው በአብዛኛው ከሰውነቱ ውኃና ጨው ስለሚያልቅ ነውና መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህንኑ የሚተካ መጠጥ ነው። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን፣ በግሉኮስ የተዘጋጀውን ኦአርኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ከ1 እስከ 2 ሊትር፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያጠጡት። ወተቱንም አይከልክሉት፤ ጡት የተከለከለ ጥጃ በረኃብ ይበልጥ ይደክማል። ሁለቱን ግን አይቀላቅሉ፤ በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ያህል ይለፍ። ዐይኑ ከጎደጎደ፣ የአንገቱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ አፉ ከቀዘቀዘ ወይም መነሣት ካቃተው በአፍ የሚሰጥ ነገር አይበቃውምና የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጥሩ።

ቀሪቦውን በተመለከተ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፤ አይስጡት። ቀሪቦ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ፣ ስኳርና እርሾ የሚገባበት የሰው መጠጥ ነው። ገና ወተት የሚጠባ ጥጃ ደግሞ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ይችላል እንጂ ለሻይ የምንጠቀምበትን ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም በአንጀቱ ውስጥ የለውም። ስኳሩ ሳይፈጭ አንጀት ውስጥ ይቀርና ውኃ እየሳበ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ለሕፃናት ቤት ውስጥ በስኳርና በጨው የሚበጠበጠው ውኃም ለጥጃ የማይሆነው ስለዚሁ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ አርቢዎች በቅንነት፣ ሊያድኑት ብለው የሚፈጽሙት ስሕተት በመሆኑ ነው።

ወንድምዎ ያነበቡት ነገር እውነትነት አለው። በአሳማ እርባታ ግልገሎቹ ከእናታቸው የሚለዩት ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ሳምንታቸው ሲሆን፣ በዚያ ዕድሜ ጨጓራቸው በቂ አሲድ ስለማያመነጭ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይራባል። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ማፋጠኛ የሚሰጡ አንቲባዮቲኮችን በ2006፣ ለተቅማጥ መከላከያ በብዛት ይሰጥ የነበረውን ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ በ2022 (እ.አ.አ.) ስለከለከለ፣ እርጎን በሚያረጉት ዓይነት በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች የተብላላ መኖና መጠጥ በዚያ ተፈላጊ ሆኗል። አሲዱ ጎጂዎቹን ባክቴሪያዎች ስለሚገታ ነው። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ይህ ሁሉ የሚደረገው ግልገሉ ከመታመሙ በፊት መሆኑን ነው። በጥጃዎ ዕድሜ ላይ ያለ ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሮታ ቫይረስ ወይም ክሪፕቶስፖሪዲየም ከተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ እነዚህን እርጎ ቀርቶ አንቲባዮቲክም አያጠፋቸውም።

ስለዚህ እኔ መልሼ የምጠይቅዎ ጥጃው እንገር የጠጣው መቼ ነው? የሚለውን ነው። ጥጃ ሲወለድ ከእናቱ ማሕፀን የወረሰው በሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። ይህን መከላከያ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው አንጀቱ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ እየተዘጋ ሄዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ፈጽሞ ይዘጋል። 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በተወለደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ቢዘገይ ግን ከስድስት ሰዓት ሳያልፍ፣ 3 ሊትር ያህል እንገር መጠጣት አለበት። የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ተብሎ ጥጃው ከጡት የሚከለከልበት፣ እንገሩም ለቤተሰብ የሚፈላበት ቤት አለ። ለሰው የሚተርፈው ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይሁን፤ በመጀመሪያው ቀን ያመለጠውን በሁለተኛው ሳምንት የትኛውም እርጎ አይመልሰውም።

እንገሩን በጊዜው ለጠጣ፣ ጤነኛ ለሆነ ጥጃ ግን እርጎ መልካም ድጋፍ ነው። ወተቱ ይፈላ፤ ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴላም የከብት ሳንባ ነቀርሳም በጥሬ ወተት ስለሚተላለፉ መርጋቱ ብቻ አያስተማምንም። ለብ ሲል ከደኅና እርጎ ጥቂት ማንኪያ ጨምረው ይክደኑት። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ናትና አንድ ቀን ይበቃው ይሆናል፤ በደሴ ብርድ ሁለት ቀንና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ዕቃውን በወይራ ማጠን ጎጂ ተሕዋስያንን የሚቀንስ ጥሩ የአገራችን ልማድ ነው፤ ነገር ግን ጢስ መርጋቱንም ስለሚያዘገየው እጅግ አያብዙት። የሻገተውን ወይም የገማውን ይድፉት። ጡቷ የታመመ ወይም አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተትም ለዚህ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋልና። ጥጃው በተለመደው ወተቱ ውስጥ ጠዋትና ማታ ሩብ ሊትር ያህል ተቀላቅሎለት ይጀምር፤ ሆዱ ካልተበላሸ ቀስ በቀስ ይጨመርለት። ባልዲውም ከእያንዳንዱ ማጠጣት በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠብ።

አንድ ሞቶብዎት ሁለተኛውም ስለታመመ በግምት አይቀጥሉ። የታመመውን ከሌሎቹ ለይተው፣ ከፊንጢጣው ትኩስ ዓይነ ምድር በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉና በዚያው በከተማዎ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ፣ አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት፣ በሐኪምዎ በኩል ያድርሱ።