ልጆቹን የትኛው ቡድን ጋ እንውሰዳቸው ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ጠዋት አይቼው በስልክ አጭር መልስ ልጽፍልሽ ጀምሬ ተውኩት፤ ይሄ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፣ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ስለ ቡድን ሲወራ ዝም ብለው ነው የሚሰሙት፤ የትኛውን ጨዋታ ብናሳያቸው ይሻላል፣ ስንት ያስወጣናል፣ መኪናስ የት እናቁም?» ነው ያልሽው። ከጥያቄሽ ሥር ግማሹ ሰው «ኮማንደርስ ውሰጃቸው» ብሎሻል፣ ግማሹ ደግሞ «በቲቪ እዩት፣ ገንዘብ አታባክኑ» ብሎሻል። እኔም እዚሁ ዋሺንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ስሚኝ።

1. ኮማንደርስን፣ የአሜሪካ ፉትቦሉን ቡድን፣ ለጊዜው እርሺው። ስማቸው ዋሺንግተን ይሁን እንጂ የሚጫወቱት ሜሪላንድ፣ ላንዶቨር ነው። ባቡሩ ሞርጋን ቡሌቫርድ ያወርድሽና ከዚያ አንድ ማይል ያህል በእግር ነው፤ ልጅ ይዘሽ፣ ዲሴምበር ላይ፣ በብርድ። በዓመት እዚህ የሚጫወቱት ስምንት ወይ ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ትኬቱ እሳት ነው። ጆሽ ሃሪስና ሸሪኮቹ ቡድኑን በ2023 ከዳን ስናይደር ላይ በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ከገዙትና በ2024 ኳስ ወርዋሪው ጄይደን ዳንኤልስ ከመጣ ወዲህማ ባሰበት። ያን ዓመት ኦክቶበር ላይ ቺካጎን በመጨረሻው ውርወራ ሲያሸንፉ ሕንጻችን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ቡድኑን አልጠላሁትም። ዲሲ ውስጥ አሮጌው አርኤፍኬ ስታዲየም በነበረበት ቦታ አዲስ ስታዲየም ሊሠሩ ነው፤ ዕቅዱ ለ2030 ነው። ያኔ በባቡር ትሄጃለሽ፤ ልጆችሽ ግን ከእናታቸው ጋር መታየት የማይፈልጉበት ዕድሜ ላይ ይደርሳሉ።

2. ቻይናታውን ያለው አዳራሽ፤ ካፒታልስና ዊዛርድስ አንድ ቤት ነው የሚጫወቱት። ለእኛ ሰፈር ከዚህ የሚቀል የለም፤ ቀዩን ባቡር ይዘሽ ጋለሪ ፕሌስ ስትወርጂ በሩ ላይ ነሽ። ካፒታልስ የበረዶ ሆኪ ነው። በ2018 ዋንጫ ከወሰዱ በኋላ፣ በተለይ ኦቬችኪን በኤፕሪል 2025 895ኛ ጎሉን አግብቶ የግሬትስኪን የምንጊዜም የጎል ሪከርድ ሲሰብር፣ ለአራት ሰው ትኬት መግዛት የወር ግሮሰሪ መግዛት ሆነ። ዊዛርድስ ቅርጫት ኳስ ነው፣ ርካሽ ነው። ለምን ርካሽ እንደሆነ ካልሽ፣ በ2023–24 ከ82 ጨዋታ ያሸነፉት 15 ብቻ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ፣ ተጋጣሚው ስመ ጥር ተጫዋች የሌለው ቡድን ሲሆን ሂጂ፤ ልጆች እንደሆነ የሚያስደስታቸው ሙዚቃውና በእረፍት የሚወረወረው ቲሸርት ነው። ባለቤታቸው በ2023 መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ቡድን ቨርጂኒያ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ አዛውራለሁ ብሎ ነበር፤ ያ ከሸፈና ከተማው 515 ሚሊዮን ዶላር ለእድሳት መድቦ አስቀራቸው። ለእኛ ተመስገን ነው። ባይሆን ለአንድ ጨዋታ ወንዝ መሻገር ነበረብን።

3. ኳስ። ባልሽ «ዲሲ ዩናይትድ ይሻላል» እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ እኔም ያልኩት ያንኑ ነው። ልጆቻችን ኳስ ሲባል የሚያውቁት ጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገውን፣ በሰሜን አሜሪካ ያለውን የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽናችንን ውድድር ነው፤ እዚያ ደግሞ ሜዳውን ሳይሆን የምግቡን ድንኳን ነው ሲከቡ የሚውሉት። ኦዲ ፊልድ ከ2018 ጀምሮ ያለ፣ 20 ሺህ ሰው የሚይዝ ቆንጆ ሜዳ ነው፤ የትም ተቀምጠሽ ተጫዋቹ ሲጠራ ይሰማሻል። ዲሲ ዩናይትድ አራት ጊዜ ዋንጫ ወስዷል፤ የመጨረሻው ግን በ2004 ነው፣ ልጆቼ ሳይወለዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ፤ በአንድ ተጫዋች ስም ትኬት አትግዢ። በማርች 2024 ማያሚ ሲመጣ «ሜሲን እናያለን» ብሎ ብር ያልከፈለ አልነበረም። ሜሲ ተጎድቶ አልመጣም። ሱዋሬዝ ተቀይሮ ገብቶ ሁለት አገባ፣ ማያሚ 3 ለ 1 አሸነፈ፣ ሰው ተበሳጭቶ ወጣ። ሴት ልጅ ካለሽ ግን እዚያው ሜዳ የሚጫወተውን የሴቶቹን ቡድን፣ ስፒሪትን አሳያት። በ2021 ሻምፒዮን ነበሩ፣ ትሪኒቲ ሮድማን ያለችበት ነው፣ ጨዋታቸውም ከወንዶቹ ይልቅ ይማርካል። ልጄ ኳስ የጀመረችው እነሱን አይታ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቿ ናኦሚ ግርማ የሐበሻ ልጅ መሆኗን፣ በ2025 ቼልሲ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ እንደወሰዳት ስነግራት ደግሞ አሁን ቀኝ ተከላካይ ካልሆንኩ ብላ አሰልጣኟን አስቸግራለች። ናኦሚ መሐል ተከላካይ ናት ብላት ማን ይስማኝ።

4. ቤዝቦል። ፊትሽን እንዳጨማደድሽ ይታየኛል። መልሴ ግን ይሄ ነው፤ ናሽናልስ ውሰጃቸው። ልጅ ሽንቴ መጣ ቢል፣ ቢርበው፣ ቢሰለቸው፣ ተነስታችሁ ዞራችሁ ትመጣላችሁ፤ የሚያመልጥሽ ነገር የለም። በዓመት እዚሁ ሜዳቸው ላይ 81 ጊዜ ስለሚጫወቱ ትኬት አይጠፋም። ቡድኑ በ2019 ዓመቱን 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ጀምሮ ሂውስተንን ረትቶ ዋንጫ የወሰደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወርዷል፣ ኮከባቸውን ሁዋን ሶቶንም በ2022 በሌሎች ተጫዋቾች ለወጡት። ለቡድኑ ደጋፊ ሐዘን ነው፤ ለአንቺ ቦርሳ ግን ደስታ ነው።

ደግሞ አራተኛው ኢኒንግ መሐል ላይ (ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር ነው) ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ ፕሬዚዳንቶች ሜዳው ላይ ይሮጣሉ፤ ጆርጅ ዋሺንግተን፣ ኤብ ሊንከን፣ ቶም ጄፈርሰንና ቴዲ ሩዝቬልት። ቴዲ እስከ 2012 ድረስ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም ነበር። የእኔ ትልቁ ልጅ ቴዎድሮስ ነው፣ ቤት ውስጥ ቴዲ ነው የምንለው። አንድ ቀን ወንበር ላይ ቆሞ «ቴዲ! ቴዲ!» ሲል፣ ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ዞረው «ስምህ ማነው?» ብለው ጠየቁት። ሲነግራቸው መላው ረድፍ አብሮት መጮህ ጀመረ። ውጤቱ ስንት ለስንት እንደነበር አላስታውስም። ልጄም አያስታውስም።

5. ትኬት፤ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፣ እባክሽ ይሄን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ከቡድኑ ከራሱ ግዢ፤ ከቡድኑ ድረ ገጽ ወይም ሜዳው ካለው መስኮት። «ሪሴል ላይ በአምስት ዶላር ይገኛል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሪሴል ማለት ሰው የገዛውን ትኬት መልሶ የሚሸጥበት ነው።

እኛ አንድ አርብ ማታ ከታወቀ የሪሴል አፕ ላይ አምስት ትኬት ገዛን፤ ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ቀይ ቲሸርታቸውን ለብሰው፣ ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ደረስን። ሰማዩ ጠቆረ። ሜዳውን በትልቅ ሸራ ሸፈኑት። ዝናቡ ሊያቆም ነው ሲባል፣ ሊያቆም ነው ሲባል፣ ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ ኮታቸውን አንጥፈው ተቀመጡ፣ ትንሿ እንቅልፍ ወሰዳት። አንድ ኳስ ሳይወረወር ጨዋታው ተላልፏል አሉን። ቤዝቦል እንዲህ ነው፤ ዝናብ ያስቆመዋል፣ ትኬቱ ለሚጫወቱበት ቀን ይዞራል። ይሄ ሕጋቸው ነው፣ አልጣላም። የዞረበት ቀን ግን የሥራ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆነ። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እኛ ሥራ።

የቡድኑ መስኮት ጋ ሄድኩ። ልጅቷ በትሕትና «ከእኛ የገዛችሁት ቢሆን በሌላ ቀን እንድንቀይርላችሁ እንሞክር ነበር፣ ይሄ ግን በእኛ ሲስተም በእናንተ ስም የለም» አለችኝ። ገባኝ። አፑ ጋ ደወልኩ። ወይ ጉድ! መጀመሪያ ማሽን፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ «ብስጭትዎን እንረዳለን» የሚል ሰው። «ጨዋታው አልተሰረዘም፣ ተላለፈ እንጂ፤ ፖሊሲያችን ሪፈንድ የሚሰጠው ለተሰረዘ ብቻ ነው» አለኝ። ታዲያ መልሼ ልሽጠው አልኩት። «ይችላሉ» አለ። ማን ነው የሥራ ቀን የቀን ጨዋታ የሚገዛው? የተገዛው በሩብ ዋጋ ነው፣ ከዚያም ላይ ድርሻቸውን ቆረጡ። አለቃህን አገናኘኝ ስለው ጥሎኝ ሄዶ ያ ሙዚቃ ተመለሰ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ስደውል ሌላ ሰው፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳት። ሦስተኛዋ ደግሞ ንግግሬ እንዳልገባት ሆና «እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አጠገብዎ አለ?» አለችኝ። እንግሊዝኛ እየተናገርኩ! ባለቤቴ ስልኩን ባትነጥቀኝ ኖሮ የምለውን እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ነገር ተሻሽሏል። ድሮ አሥር ዶላር ብለው መጨረሻ ላይ ኮሚሽን ጨምረው አሥራ ስምንት ያደርጉት ነበር፤ ከሜይ 2025 ጀምሮ ግን በፌዴራል ሕግ ሙሉ ዋጋውን ከመጀመሪያው ማሳየት ግድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ አሁን ከቡድኑ ዋጋ ጋር አስተያይው፤ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የአንድ ፋንዲሻ ዋጋ እንኳን አይሞላም። በስልክ ስክሪንሾት የሚሸጥልሽ ሰው ከመጣ ደግሞ የአገር ልጅም ቢሆን እምቢ በዪ፤ ብዙዎቹ ትኬቶች ላይ ያለው ኮድ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ፎቶው በር ላይ አይሠራም።

ፓርኪንጉን ረሳሁት። በሙያዬ ልንገርሽ፤ አታቁሚ። ጨዋታ ባለበት ቀን ጋራዦቹ «የኢቨንት ዋጋ» የሚሉትን ያወጣሉ፤ ያንኑ ሰሌዳ በእጄ ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝ። ማታ አሥር ዶላር የነበረው ቦታ አርባ ሲሆን ሰዎች እኔ የጨመርኩባቸው ይመስል ይሰድቡኝ ነበር። ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር ላቁም ካልሽ ደግሞ ምልክቱን እስከ ታች አንብቢ፤ የናሽናልስ ሜዳ ያለበት ናቪ ያርድ አካባቢ የጨዋታ ቀን ለነዋሪ ብቻ የሚሆን መንገድ አለ። ቀዩን ባቡር ይዘሽ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ቀይሪ፤ ናቪ ያርድ ወርደሽ በሃፍ ስትሪት በኩል ስትወጪ በሩ ፊትሽ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በባቡሩ አይከፍልም።

ቦርሳ እያንዳንዱ ሜዳ የራሱ ሕግ አለው፤ በሄድሽበት ቀን ድረ ገጹን እዪ። ኮማንደርስ እንደ ሁሉም የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቦርሳ ነው የሚፈልገው። አንዱ ሜዳ በር ላይ ጥበቃው አማቴን «ወይ ጣዪው ወይ መልሺው» ብሎ አመናጭቋታል፤ ሴትዮዋ ከአዲስ አበባ የመጣችበትን ቦርሳ ነው ጣዪው የሚላት። ናሽናልስ ጋ ግን እስካሁን ከቤት የሠራነውን ሳንድዊችና ያልተከፈተ ውኃ ይዘን ነው የምንገባው፤ ውስጥ አምስት ሰው መመገብ ትኬቱን ያስንቃል።

ስንት ያስወጣል ላልሽው፣ ኤፕሪል ወይ ሜይ ላይ እሑድ ቀን ላይኛው ፎቅ ብትቀመጡ፣ ምግብ ከቤት፣ በባቡር፣ ለአራት ሰው ከመቶ ዶላር ብዙም አይርቅም። በሙቀቱ ወራት ከሆነ ሦስተኛው ቤዝ በኩል ያለውን ወንበር ምረጪ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ብዙ ሆናችሁ ከገዛችሁ ደግሞ ቡድኑ ቅናሽ አለው፤ የሕንጻችንን ቤተሰቦች ሰብስቤ የምወስደው እኔ ነኝ፣ የሽያጭ ክፍላቸው በስሜ ነው የሚያውቀኝ። በጁን አንድ እሑድ እንሄዳለን። የልጆቹን ዕድሜና ስንት እንደሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ከሌሎቹ ጋር አብሬ አስይዝላችኋለሁ፣ ክፍያውን ግን በቀጥታ ለቡድኑ ነው የምትፈጽሙት።