በአፍንጫ የሚሠራው የፒቱታሪ ኦፕራሲዮን፦ እኛ ቤት ያየነው

እህቴ፣ «እናቴ ጭንቅላቷ ውስጥ እብጠት አለ፣ በአፍንጫ ይወጣል ተባለች፤ እውነት ነው?» ላልሽው፣ አዎ እውነት ነው። ባለቤቴም በዚሁ መንገድ ነው የወጣላት።

የሷ በዓይን ነው የጀመረው። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መንገድ ስትሻገር ከጎን የሚመጣ ባጃጅ አይታያትም። መነጽር ቀየርን፣ ወይ ፍንክች። ለካ እብጠቱ አንጎል ሥር ካለችው፣ ሆርሞን ከምታመነጨውና የአተር ፍሬ ከምታክለው እጢ፣ ከፒቱታሪ ተነስቶ ወደ ላይ እያደገ የዓይን ነርቮች የሚገናኙበትን ቦታ ተጭኖት ኖሯል።

ከሁሉ በፊት የሆርሞን ምርመራ መሠራቱን ጠይቂ፣ በተለይ ፕሮላክቲን የሚባለው፣ የጡት ወተት የሚያመጣው ሆርሞን። ፕሮላክቲን የሚያመነጨው ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ካበርጎሊን በሚባል ኪኒን ይቀንሳል፤ ኦፕራሲዮኑም ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ እንደሚወራው አይደለም። ከአፍንጫ በስተኋላ አየር የሞላው ክፍተት አለ፣ ፒቱታሪ ከሱ በላይ ነው ያለችው፣ በመሃል ስስ አጥንት ነው። የአፍንጫ ሐኪሙ በካሜራ እያየ መንገዱን ይከፍታል፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ እብጠቱን ያወጣል። ፊት ላይ ጠባሳ የለም። ሆዷ ወይም ጭኗ ላይ ስፌት ብታዪ ግን አትደንግጪ፤ ቀዳዳውን ለመድፈን አንዳንዴ ከዚያ ስብ ይወስዳሉ።

እኔን ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መናፈጥ የለም። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ ነው። ከባድ ዕቃ ማንሳትና ሽንት ቤት ማማጥም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ታካሚው ጫት የሚቅም ከሆነ ይተወው፣ ሆድ እንደሚያደርቅ የድሬ ሰው ያውቀዋል። ስታጎነብስ ከአፍንጫዋ ጠብ ጠብ የሚል ንጹህ ውሃ ከመጣ ወይም ጉሮሮዋ ላይ ጨው ጨው ካላት፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ ማጅራት ገትርም ያመጣል። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ!

ሽንቷንም ተከታተሉ። ቶሎ ቶሎ ብዙ ከሸናችና ጥሟ ካልቆረጠ ተናገሩ። በተቃራኒው ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ ሳምንት ገደማ ሲሆን ሶዲየም፣ ማለትም የደም ጨው፣ ሊወርድ ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ይመጣል። እዚህ ሙቀቱን አይቶ ጎረቤቱ ሁሉ «ውሃ ጠጪ፣ ጠጪ» ይላል፤ ስንት መጠጣት እንዳለባት ግን ሐኪሙ ይንገራችሁ። የሶዲየም ምርመራው መቼ እንደሚደገም ሳታውቂ ለኦፕራሲዮኑ ከሄዳችሁበት ከአዲስ አበባ እንዳትመለሺ። አውሮፕላንም ሳይፈቀድላት እንዳትሳፈር፣ ጭንቅላት ውስጥ አየር ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ሃይድሮኮርቲዞን የሚባለውን፣ የጎደለ ሆርሞን የሚተካ ኪኒን ካዘዙላት «ደህና ሆንኩ» ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ፣ አደገኛ ነው። ጿሚ ከሆነችም ኪኒኑን አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ስትሄዱ ኤምአርአዩን (የጭንቅላቷን ምስል) በሲዲ ያዙ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። የፕሮላክቲኑ ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን።