ከማካፈላችሁ በፊት፦ ስለ 4,294,967,297

ልጆቼ፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። የምንመረምረው ቁጥር 4,294,967,297 ነው፤ 2³² ላይ 1 ሲደመር የሚገኘው።

2¹፣ 2²፣ 2⁴፣ 2⁸ እና 2¹⁶ ላይ 1 ሲደመር የሚገኙት ታላላቆቹ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች (ለ1 እና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ) ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ፈርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይህን አይቶ ተከታዮቹም እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግን በ1732 ስድስተኛው፣ ማለትም የእኛ ቁጥር፣ ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አገኘ።

እንዴት ደረሰበት? የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ65,536 እጅግ በጥቂቱ ይበልጣል፤ እስከዚያ ድረስ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሁሉንም በእጅ መሞከር አድካሚ ነው፣ ስሕተትም ይገባበታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አካፋዩ ምን ዓይነት ቁጥር ሊሆን እንደሚችል ጠይቁ። ብቸኛ የሆነ አካፋይ ካለው፣ 2³² ለእሱ ሲካፈል ቀሪው −1፣ የ2⁶⁴ ደግሞ 1 ነው። ከ64 ያነሰ የ2 ርቢ ቀሪ 1 አይሰጥም። ከዚህ ተነሥተን በፈርማ ትንሹ ቲዎረም (ከአካፋዩ በ1 የሚያንሰው የ2 ርቢ ለአካፋዩ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው በሚለው)፣ ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው የ64 ብዜት መሆን አለበት። እስከ 641 የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና ራሱ 641 ብቻ ናቸው። የሒሳብ ሊቁ ሉካስ በ1878 64ን ወደ 128 ሲያሳድገው ደግሞ 257 እና 641 ብቻ ቀሩ። 257ንም ማካፈል አያስፈልግም፤ 4,294,967,295 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537 ስለሆነ የእኛ ቁጥር ለ257 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው።

641ን ደግሞ ያለ ማካፈል ማረጋገጥ ይቻላል፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። 641 = 5 × 2⁷ + 1 ነው፤ 641 = 5⁴ + 2⁴ም ነው። ከመጀመሪያው፣ የ5 × 2⁷ ቀሪ −1 ነው፤ አራተኛ ርቢው 5⁴ × 2²⁸ ስለዚህ ቀሪው 1። ከሁለተኛው፣ 5⁴ እና −2⁴ እኩል ቀሪ አላቸው። ተኩት፦ የ−2³² ቀሪ 1፣ የ2³² + 1 ደግሞ 0።

ኮምፒውተር ስትጠቀሙ ሁለት ወጥመድ አለ። ቁጥሩን 32 ቢት ባለው ቦታ ካስቀመጣችሁት ሞልቶ ይፈስና 1 ሆኖ ይቀራል፤ 64 ቢት ተጠቀሙ። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ በመሠረት 2 የሚደረገው የፈርማ ፍተሻ (ከቁጥሩ በ1 የሚያንሰው የ2 ርቢ ለቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 መሆኑን የሚያየው) ይህን ቁጥር «ብቸኛ» ብሎ ያሳልፈዋል፣ የ2⁶⁴ ቀሪ 1 ስለሆነና ርቢው 2³² የ64 ብዜት ስለሆነ። በመሠረት 3 ስትፈትሹት ግን ይጋለጣል።

ብዙዎች 641 ላይ ደርሰው ያቆማሉ። በዚህ ብቻ ግን ሌላኛው አካፋይ 6,700,417 ብቸኛ መሆኑ አይረጋገጥም። ስኩዌር ሩቱ 2,588 ገደማ ነው፤ በ128ቱ ሕግ መሠረት የሚሞከሩት 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው፤ አንዱም 0 ስላልሆነ 6,700,417 ብቸኛ ነው።