የደላንታን የኦፓል ዋሻዎች ለማየት ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣ ደቡብ ወሎ፣ የደላንታ ወረዳ ከተማ ወገል ጤና ድረስ ሄዳችሁ፣ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የወጣባቸውን፣ ቆፋሪ ትቷቸው የሄደውን ዋሻዎች ሳታዩ እንደማትመለሱ አውቃለሁ። ሂዱ፤ ከአፋቸው ግን አትለፉ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ «አትግባ» ብቻ የተባለ ወጣት መግባቱ አይቀርም።

ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኦፓሉ የሚወጣው ከ1 ሜትር ከማይበልጥ ስስ ንብርብር ነው። በላዩ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተጋገረ ወፍራም ቋጥኝ ተጭኖታል፤ ሥሩ ሸክላ ነው። ቆፋሪው በዶማና በዲጅኖ ያን ስስ መስመር ተከትሎ አግድም ወደ ተራራው ሆድ ይገባል። ጎረቤቱም አጠገቡ እንዲሁ ይቆፍራል። በመካከል የቀረው ግድግዳ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጣሪያውን የሚሸከም እንጨት ብዙ ጊዜ የለም።

ሰው ከተወው በኋላ ደግሞ ይብሳል። በክረምት ውኃው በስንጥቁ ይሰርግና ሸክላው ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። እንዲህ ሲያብጥና ሲኮማተር ጣሪያው ከላዩ ቋጥኝ ይላቀቃል። ስለዚህ «ስንት ዓመት የቆመ ዛሬ አይወድቅም» የሚላችሁን አትስሙ፤ በየክረምቱ እየደከመ የመጣ ጣሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ወረዳ ሃያ ያህል ቆፋሪዎች ዋሻ ተደርምሶ ተዘግቶባቸዋል፤ እነሱ ሥራውን የሚያውቁ ነበሩ።

አየሩም አለ። ነፋስ የማያገኘው ጥግ ኦክስጅን ያንሰዋል፣ ሽታም የለው። የስልክ መብራት ኦክስጅን ስለማይፈልግ እናንተ እየወደቃችሁ እሱ ይበራል።

ከውጭ የሚታየው አያንስም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ በጠዋት ውጡ። ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሰባ በመቶ ገደማ ነው፤ ራስ ምታት ከጀመራችሁ ውረዱ፣ ጀግንነት አያስፈልገውም። በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ውኃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ጥርሱ ያላለቀ ጫማ። ከገደሉ ሥር አትቀመጡ፤ በድንጋዩ ላይ የድንጋይ ሽበት (ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚበቅለው ልባስ) የሌለበት፣ ደመቅ ያለ አዲስ ጠባሳ ካያችሁ በቅርብ የወደቀ አለና ራቁ። ቆፋሪው የደፋውን ክምር በጭራሽ አትርገጡ፤ ከእግራችሁ ሥር የሚንሸራተተው ድንጋይ ከታች ያለውን ሰው ነው የሚያገኘው።

ክምሩ ላይ የሚያብለጨልጭ ቢታያችሁ ለባለፈቃዱ ተዉት። ከፈለጋችሁ ከነጋዴ ግዙ። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይጠራና ኅብረ ቀለሙ የጠፋ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። አብሽሩ፣ አልተበላሸም። የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው፦ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካደረቃችሁት ይሰነጠቃል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ ለቀናት አቆዩት፤ ዘይትና ቀለም ያለው ውኃ አታስነኩት፣ ይመጠውና አይለቅም።